ከወንበር ሳይነሡ ጨረቃ ስለ መውጣት

በዚህ ዓለም ከሚኖሩት የሰው ወገኖች ሁሉ እኔን አብልጦ የሚያስደንቀኝ፣ አጥር ተሻግሮ የታመመ ጎረቤቱን ጠይቅ ሲሉት ‹‹ዛሬስ ጉልበቴን ይዞኛል›› የሚለው፣ ዳሩ ግን የጁፒተር ጨረቃዎች ነገር የተነሣ እንደ ሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንኳ ዐይኑ ሳይከደን፣ ድምፁ ሳይሰልል፣ የቀረበለት እራት ሲቀዘቅዝ ሳይታወቀው፣ ከአንደኛዋ ወደ ሌላዪቱ እየተሻገረ ሲተርክ የሚያመሸው ሰው ነው። ይህ ሰው ሮኬት በእጁ አልዳሰሰም፤ ጠፈርተኛም በዐይኑ አላየም፤ እንዲያውም አውሮፕላን የተሳፈረ እንደ ሆነ መስኮቱ አጠገብ መቀመጥን ይፈራል። ዱሮ የሚያጫውተው አጥቶ ብቻውን ሲያንጋጥጥ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን ቴሌቪዥኑም፣ ራዲዮኑም፣ ዩቲዩቡም፣ ጌሙም በየፈርጁ የሚያገለግለው ሆኖ፣ ወጪውም የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ስለ ሆነ፣ ምድራዊ ኑሮው እየከበደ በሄደ መጠን ሰማያዊው እየቀለለለት ሄዷል። እኔም የዚሁ ማኅበር ተራ ምእመን ስለ ሆንሁ፣ ከእነዚህ የሰማይ አውጊዎች መካከል ማን ማን ይደመጥ፣ ማን ማንስ ይታለፍ በሚለው ላይ የራሴን ፍርድ ለአንባቢ ባቀርብ አይነቀፍብኝም ብዬ ተነሥቻለሁ።

በማዕርግ ቅደም ተከተል የመጀመሪያውን ወንበር የምሰጠው ለእንግሊዛዊው ለፓትሪክ ሙር ነው። ይህ ሰው የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መንገድ መሪ ሆኖ ያገለገለ፣ በአንድ ዐይኑ ብቻ መነጽር የሚሰካ፣ ዛይሎፎን የሚመታ፣ መጻሕፍቱንም እ.ኤ.አ. በ1908 በተሠራ አሮጌ የጽሕፈት መኪና የሚጽፍ ባለ ጠባይ ሰው ነበር። ቢቢሲ ‹‹ዘ ስካይ አት ናይት›› የተባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1957 በሌሊት ሲጀምር፣ ሙር በዚያው ሰሞን በሰማይ ላይ ይታይ የነበረውን አሬንድ ሮላንድ የተባለውን ጅራታም ኮከብ እያወሳ ብቅ አለ። ሩሲያውያን ስፑትኒክን ያመጠቁት ደግሞ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በመሆኑ፣ የሰው ልጅ በመሬት ዙሪያ የሚሽከረከር አንዳች ነገር ገና ሳይልክ ሙር ስለ ሰማይ ማውራት ጀምሮ ነበር ማለት ነው፤ እንግዲህ ወሬ ከሥራ መቅደሙ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ይኸውም እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ፣ ለ55 ዓመታት ያህል በየወሩ ሳያስታጉል ያንኑ ፕሮግራም ሲያቀርብ ኖረ። አስታጎለ ቢባል በ2004 አንዲት ወር ብቻ ናት፤ ምክንያቱም የተበላሸ የዝይ ዕንቁላል በልቶ ለሞት እስኪያሰጋው ድረስ ስለ ታመመ ነው። ቬትናምን፣ የነዳጅ ድርቅን፣ ስምንትና ዘጠኝ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ያለ አንዳች መስተጓጎል የተሻገረ ሰው በዕንቁላል መሰናከሉ ሥጋ ለባሽ መሆኑን ከማስታወስ በቀር ሌላ ነውር የለበትም። አንድ ጊዜም በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሳለ ትልቅ ዝንብ አፉ ውስጥ ብትገባ፣ ነገሩን ከማቋረጥ ዝንቢቱን መዋጥ ይሻላል ብሎ ውጦ መቀጠሉን ራሱ ይተርክ ነበር። እኔ በበኩሌ ዛሬ በስልኩ ጥሪ ምክንያት ቃለ መጠይቁን የሚያቋርጠውን አቅራቢ ባየሁ ቁጥር ያቺ ዝንብ ትታወሰኛለች።

ነገር ግን ሙርን ያስመረጠኝ ጽናቱ ብቻ አይደለም። ሙር ተመልካቹን ከወንበሩ የሚያስነሣ አውጊ ነበር፤ በዚህ ወር ማታ ማታ በየትኛው ማዕዘን የትኛው ፈለክ እንደሚወጣ ነግሮ፣ ካባውን ደርቦ ወደ ጓሮው እንዲወጣ ያደርገው ነበር። ይህንንም ያደረገው ሰማዩ ከሚገለጥባቸው ሌሊቶች የሚሸፈንባቸው በሚበዙበት በእንግሊዝ አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

አሜሪካኖች ግን ሰማዩን አንሥተው ሶፋ ላይ አስቀመጡት። የሌሊቱ የቴሌቪዥን ጨዋታ ንጉሥ የነበረው ጆኒ ካርሰን፣ እርሱም ራሱ ቴሌስኮፕ ገዝቶ ኮከብ የሚመለከት ሰው ስለ ነበር፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲውን መምህር ካርል ሴጋንን ደጋግሞ እየጋበዘ፣ ከፊልም ተዋናዮችና ከዘፋኞች ቀጥሎ ስለ ማርስ እንዲያወራ ያደርገው ነበር። ሴጋን በ1980 ‹‹ኮስሞስ›› የተባለውን ባለ 13 ክፍል ተከታታይ ፊልም ካቀረበ በኋላ ስሙ በዓለም ሁሉ ገነነ፤ ካርሰንም የባልንጀራውን አነጋገር እየቀዳ ‹‹ቢሊዮኖችና ቢሊዮኖች›› እያለ ሕዝቡን ያሥቅበት ጀመር። ሴጋን እንዲህ ብዬ ከቶ አልተናገርሁም ቢል ማን ሰምቶት! ሰው በጨዋታ የተለጠፈበትን ቃል በመሐላ እንኳ ሊያስነሣ እንደማይችል የተረዳው ሊቅ፣ የመጨረሻ መጽሐፉን በዚያችው ባልተናገራት ቃል ሰይሞት ሞተ፤ መጽሐፉም በ1997 ታትሞ ወጣ።

የሴጋንን ወንበር የወረሰው ኒል ደግራስ ታይሰን ነው። ታይሰን በኒውዮርክ የሚገኘው የሃይደን ፕላኔታሪየም አለቃ ሲሆን፣ በ2000 አዲሱ አዳራሽ ተመርቆ ሲከፈት ፕሉቶ ከትልልቆቹ ፈለኮች ተርታ ወጥታ ከበረዷማዎቹ ታናናሾች ጋር ተቈጥራ በመገኘቷ፣ ከአሜሪካ ሕፃናት የቍጣ ደብዳቤ ጎርፎበታል። የዓለም የሥነ ፈለክ ማኅበር በፕራግ ጉባኤ አድርጎ ያንኑ ፍርድ ያጸናው በ2006 ነውና፣ ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት አንዲት ፈለክን ከመንበሯ ያወረደ ሰው ደብዳቤው ሲያንሰው ነው። ይኸው ሰው በ2009 ‹‹ስታርቶክ›› የተባለውን ፕሮግራም በራዲዮ ጀመረ፤ በ2015ም ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ሥርዐቱ እንዲህ ነው፤ በአንድ በኩል ሊቁ ይቀመጣል፤ በሌላው በኩል ኮሜዲያን ይቀመጣል፤ ሊቁ ስለ ጥቍር ጕድጓድ ምሥጢር ሲጀምር ኮሜዲያኑ ስለ ቀድሞ ሚስቱ ያነሣል፤ ሰው ይሥቃል፤ ሊቁም ይሥቃል፤ ጥቍሩ ጕድጓድ ግን ካለበት ንቅንቅ ሳይል ሰዓቱ ያልቃል። እኔ ይህን ፕሮግራም አልጠላውም፤ ወጥ እየተሠራ ለመስማት የሚስማማ ነው። ነገር ግን በማግስቱ ‹‹ትናንት ምን ተማርህ?›› ብባል የማስታውሰው የኮሜዲያኑን ሚስት ነገር ነው።

ሦስተኛው ወገን የሮኬት ጠባቂዎች ወገን ነው። እነዚህ በቴክሳስ ጠረፍ፣ በፍሎሪዳ ረግረግ አጠገብ ካሜራቸውን ተክለው አንድ የብረት ቧንቧ ሌት ተቀን በቀጥታ የሚያሳዩ፣ ሰዓቱ እየተቈጠረ ሄዶ 40 ሰከንድ ሲቀረው ቆጠራው በቆመ ጊዜ፣ ምንም ሳይኖር ሁለት ሰዓት የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ቲም ዶድ የተባለው፣ መተዳደሪያው ፎቶግራፍ የነበረ፣ ከሐራጅ የገዛውን ብርቱካንማ የሩሲያ የበረራ ልብስ ለብሶ ራሱን ፎቶ ማንሣት ጀምሮ፣ በኋላም ስለ ሮኬት ሞተር የሚያስተምር ስመ ጥር ሰው ለመሆን የበቃ ነው። በ2022 አንድ ጃፓናዊ ባለጠጋ በጨረቃ ዙሪያ ይዞት ሊዞር ከመረጣቸው ሰዎች አንዱ ሆኖ ነበር፤ ጉዞው ግን በ2024 ተሠርዞ ቀረ። ለዚያ ጉዞ የታሰበው ስታርሺፕ የተባለው ግዙፍ ሮኬትም ለመጀመሪያ ጊዜ በኤፕሪል 20 ቀን 2023 ተነሥቶ አራት ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ በአየር ላይ ሲፈነዳ፣ የሠሪው ኩባንያ ሠራተኞች በእልልታና በጭብጨባ ተቀበሉት። የሰው ንብረት ሲጋይ እልል የሚባልበት ሌላ ጉባኤ እኔ አላውቅም። ስለ እነዚህ ከዚህ የበለጠ አልናገርም፤ ትዕግሥታቸው ግን ከባሕታውያን ወገን ያስቈጥራቸዋል።

አሁን ወደ ጌሙ እንምጣ፤ ምክንያቱም የቤታችን ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

‹‹ከርባል ስፔስ ፕሮግራም›› የሚባለው ጌም በሜክሲኮ ከተማ፣ ጌም መሥራት ልማዱ ባልነበረ ስኳድ በተባለ ኩባንያ ውስጥ፣ ፊሊፔ ፋላንጌ በተባለ ሠራተኛ አሳብ የተወለደ ነው። ፋላንጌ ጐረምሳ ሳለ ርችት ላይ ትንንሽ የቆርቆሮ ሰዎች እያሳፈረ ይተኵስ ነበር፤ ከርባል ብሎ ስም ያወጣላቸውም ያን ጊዜ ነው። ጌሙ በ2011 ለሕዝብ ቀረበ፤ ሙሉው ሥራ ተፈጽሞ የወጣው በ2015 ነው። ተጫዋቹ ታንከሩን፣ ሞተሩን፣ ክንፉን፣ ፓራሹቱን ከመጋዘን እያወጣ ሮኬቱን በገዛ እጁ ይገጣጥማል፤ ራሳቸው ትልቅ፣ ቁመታቸው አጭር፣ መልካቸው አረንጓዴ የሆኑ ፍጡራንን ያሳፍራል፤ ከዚያም የማስነሻዋን ቁልፍ ይጫናል። ተኵስ የለበትም፤ ጠላት የለበትም፤ ጠላቱ የመሬት ስበት ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ጌም ሲጫወት፣ ፊደልና ዳዊት ያስተማሩት የኔታ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊጠይቁን መጥተው፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከጀርባው ቆመው ሲመለከቱ የሆነውን ብነግራችሁ፣ ከሊቃውንቱ ሁሉ ሶፋ የእኛው ሳሎን እንደሚበልጥ ትመሰክራላችሁ። የኔታ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸው፤ አጽዋማትንና በዓላትን በጣታቸው አንጓ ቈጥረው የሚያወጡ ስለ ሆኑ የሰማይ ነገር እንግዳቸው አይደለም።

‹‹ልጄ፣ እነዚህ አረንጓዴዎች ምንድን ናቸው? አጋንንት እንዳይሆኑ!››

‹‹ኧረ የኔታ! ከርባሎች ናቸው እኮ። ይኼ ጀብ ነው፤ ይኼ ቦብ፤ ይቺ ደግሞ ቫለንቲና።››

‹‹ይኸኛው ስለ ምን ይሥቃል?››

‹‹ጀብ ሁልጊዜ እንደ ሣቀ ነው።››

‹‹ያኛውስ ስለ ምን ይጮኻል?››

‹‹ቦብ ፈሪ ነው፣ የኔታ።››

የኔታ ጥቂት አሰቡና ‹‹እኔም ከቦብ ጋራ ነኝ›› አሉ።

ልጁ ቁልፉን ሲጫን ሞተሩ ሳይነሣ ፓራሹቱ ተከፈተ፤ የእርከኖቹን ተራ አዛብቶ ኖሯል። አስተካክሎ እንደ ገና ለኰሰው። ሮኬቱ እየጮኸ ወጣ፤ ሰማዩ ከሰማያዊ ወደ ጥቍር ተለወጠ፤ የኔታም ‹‹ደረሱ!›› ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። ነገር ግን ነዳጁ አለቀ፤ ሮኬቱም ጥቂት ተንሳፍፎ ቁልቁል ተመለሰ፤ ጀብ እየሣቀ፣ ቦብ እየጮኸ መሬት ላይ ተከሰከሱ። የእህቴ ልጅ ቅንድቡን እንኳ ሳያነሣ አንዲት ቁልፍ ነካና ሦስቱንም ወደ ማስወንጨፊያው መለሳቸው።

‹‹ሞተው ነበር እኮ!›› አሉ የኔታ።

‹‹መለስኋቸው።››

‹‹በማን ሥልጣን?››

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተገኘም። ልጁ ግን ለሌላው ጥያቄያቸው፣ ይኸውም ጨለማው ድረስ ወጥተው ሳለ ስለ ምን ተመለሱ ለሚለው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ቶክ ሾው ስሰማ ያልገባኝን ነገር በሁለት ደቂቃ አስረዳ። ሕዋ መድረስና ሕዋ ላይ መኖር የተለያዩ ናቸው። በጌሙ ዓለም አየሩ 70 ኪሎሜትር ላይ ያልቃል፤ እዚያ መድረስ ቀላል ነው፤ እዚያ የሚያስቀረው ግን ወደ ላይ መውጣት ሳይሆን ወደ ጎን መሮጥ ነው። በሰከንድ ወደ 2,300 ሜትር ያህል ወደ ጎን የሮጠ እንደ ሆነ መውደቁ አይቀርም፤ ነገር ግን እርሱ በወደቀ ቁጥር ምድሪቱ ክብ ስለ ሆነች ከሥሩ እየሸሸች፣ ሲወድቅ ሲወድቅ ሳይደርስባት ይዞራታል። ምሕዋር ማለት ይኸው ነው። በእኛይቱ መሬት ላይ፣ ከከርባሎቹ ኳስ ከዐሥር እጅ በላይ ሰፊ ስለ ሆነች፣ በሰከንድ 7.8 ኪሎሜትር ያህል መሮጥ ያስፈልጋል። የኔታም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ‹‹ገባኝ! ሰሙ ሽቅብ መውጣት ነው፤ ወርቁ ወደ ጎን መሄድ ነው፤ እናንተ እስካሁን በሰሙ ስትሞቱ ኖራችኋል›› አሉ።

ቀጥሎም ለሦስት ሰው ይህን የሚያህል ግንብ የሚያቆም ምን ነገር አለ ብለው ጠየቁ። ልጁ ነዳጁን ለማንሣት ሌላ ነዳጅ፣ ያንንም ለማንሣት ሌላ እንደሚያስፈልግ ቢነግራቸው፣ ‹‹ይህማ የበረሃ መንገደኛ አህያ ናት፤ መኖዋን ራሷ ትሸከማለች፤ መንገዱ ሲረዝም መኖ ይጨመራል፤ መኖው ሲከብድ አህያ ይጨመራል፤ የተጨመረችውም ትበላለች፤ በመጨረሻ ዐሥራ ዘጠኙ አህዮች መኖ ተሸክመው አንዷ ጤፍ ታደርሳለች›› አሉና ጉዳዩን ዘጉት። ነገሩም በእርግጥ እንዲሁ ነው። ይህንን ሒሳብ ካሳተሙት አንዱ ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የተባለ፣ በሕፃንነቱ በበሽታ ጆሮው የደነቆረ፣ በሩሲያ በካሉጋ ከተማ ይኖር የነበረ አስተማሪ ሲሆን፣ ዘመኑም 1903 ነው፤ እርሱም ቢሆን በዕድሜው ሙሉ ከወንበሩ ሳይነሣ ሰማይ የወጣ ሰው ነው። አሜሪካኖች ወደ ጨረቃ ሰው የላኩበት ሳተርን 5 ቁመቱ 110 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 3 ሺህ ቶን የሚጠጋ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ግን ሦስቱን ሰዎች ይዛ በባሕር ላይ ያረፈችው ዕቃ 5 ቶን ገደማ ብቻ ነበረች።

እንግዲህ ልዩነቱን አንባቢ ይፍረደው። ቶክ ሾው አድማጩን ያለ ድካም ጨረቃ አድርሶ በሰዓቱ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ አድማጩ ዐዋቂ የሆነ ይመስለዋል። ጌሙ ግን አዋርዶ፣ አቃጥሎ፣ አከስክሶ፣ ትዕቢቱን ሁሉ ካስወለቀው በኋላ ነው የሚያሳልፈው። ወንበር ላይ ተቀምጦም እንኳ ሰው ሊደክም እንደሚችል፣ ድካሙም ትምህርት እንደሚሆን ያየሁት በዚህ ጌም ነው። ናሳ በ2014፣ የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት በ2020 ከጌሙ ሠሪዎች ጋራ ተባብረው የእውነተኛ ተልእኳቸውን አምሳያ በጌሙ ውስጥ ያስገቡት በከንቱ አይደለም።

ጌሙ ጻድቅ ነው አላልሁም። ቦብን ጨረቃ ላይ ያለ ነዳጅ አስቀርቶ፣ እርሱን የሚያወጣ ሮኬት ልኮ፣ ያዳኙም ነዳጅ እዚያው አልቆ፣ አዳኙን የሚያድን ሌላ ሮኬት ለመሥራት የታሪክ ፈተናውን ዋዜማ ያሳለፈ ልጅ በቤታችን አለ። እናቱ ስትቈጣው ‹‹ሰው ጨረቃ ላይ ጥዬ እንዴት እተኛለሁ?›› አላት፤ እርሷም የምትመልሰው አጣች። የዚሁ ጌም ሁለተኛ ክፍል ደግሞ በ2023 በብዙ ተስፋ፣ በብዙ ጉድለት ወጥቶ፣ በማግሥቱ ዓመት ሠሪዎቹ ተበተኑ፤ ስለዚህ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ብትገዙ የመጀመሪያውን ግዙ።

በማዕርጉም ጌሙን ከሙር ቀጥሎ በሁለተኛው ወንበር አስቀምጬዋለሁ። አንደኛውን ወንበር የማልሰጠው፣ ሰውን ቢያደክምም ወደ ደጅ ስለማያስወጣው ነው።

የእኛም አገር በዚህ ነገር ባዶ እጇን አይደለችም። በእንጦጦ ራስ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የመጀመሪያዋም ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ ከቻይና ምድር ስትመጥቅ፣ ሰዎች እዚያው እንጦጦ ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት ተመልክተዋታል። ስለዚህ የራዲዮ ጣቢያ አለቆች ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ናት፤ ከእግር ኳሱ ትንተና ላይ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቀንሳችሁ ስጡን። ኮሜዲያን አንሻም፤ በዚህ ሳምንት ማታ በምሥራቅ የሚወጣው የትኛው ፈለክ እንደ ሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ ወደየት ማንጋጠጥ እንደሚገባን የሚነግረን አንድ ሰው ይበቃናል። ቴሌቪዥን ትቼ ራዲዮን የመረጥሁት በምክንያት ነው፤ በከተማችን ሰማዩ ከሁሉ ይልቅ አምሮ የሚታየው መብራት የጠፋ ሌሊት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት የሚሠራው የባትሪ ራዲዮ ብቻ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ፕሮግራም በጥቅምት ቢተላለፍ መልካም ነው።